የቤት ኮምፒውተር ለምን ይዘገያል? በምን በኩልስ ይጠለፋል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 10 ገበያ ላይ የዋለው በጁላይ 2015 ስለሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ዛሬም በብዙ ቤት ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው በእሱ ነው። ዜናው ከተሰማ ወዲህ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ኮምፒውተሬ ሥራ ሊያቆም ነው ወይ?» የሚል ነው። አያቆምም። እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ኢንተርኔት ይገባል። የቆመው ነገር በዓይን የሚታይ አይደለም፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ይህ ማብራሪያ ከዚያ ጥያቄ ተነስቶ የቤት ኮምፒውተር ለምን እንደሚንቀራፈፍ፣ በየት በኩል እንደሚጠለፍ፣ ባለቤቱም ራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ይዘረዝራል። ባለሙያ መሆንን አይጠይቅም። በቤት ተጠቃሚ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጉዳት የረቀቀ ጥበብ ውጤት አይደለም። ወይ ሶፍትዌሩ ሳይታደስ ቆይቷል፣ ወይ ሰውየው የይለፍ ቃሉን ወይም ኮዱን በራሱ እጅ ሰጥቷል፣ ወይ ፋይሉ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

«ድጋፍ ቆመ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሶፍትዌርን የሚጽፈው ሰው ነውና ስህተት አያጣውም። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ ለውጭ ሰው መግቢያ ይሆናሉ፤ እነዚህ የደኅንነት ክፍተት ይባላሉ። ክፍተቱ ሲታወቅ አምራቹ ማስተካከያ ሠርቶ በኢንተርኔት ይልካል። አፕዴት የምንለው በአብዛኛው ይህንን ነው። አንዳንዴ አዲስ መልክና አዲስ አገልግሎት ይዞ ይመጣል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ክፍተት መድፈኑ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ማስተካከያው በወጣ ቀን ክፍተቱ የት እንደነበረ ለሁሉም ይገለጣል፣ ለሌባም ጭምር። ከአፕዴቱ በፊትና በኋላ ያለውን ፋይል አስተያይቶ የተለወጠውን ቦታ ማግኘት ለሚያውቅበት ሰው ብዙም አይከብድም። ስለዚህ አፕዴት ወጥቶለት ያልጫነ ኮምፒውተር ከአፕዴቱ በፊት ከነበረበት የባሰ አደጋ ላይ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 የተነሳው ዋናክራይ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ዋናክራይ ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው 300 ዶላር በቢትኮይን የሚጠይቅ ፕሮግራም ነበር። ማንም ምንም ሳይጫን፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ ራሱ እየተሻገረ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የገባበትን ክፍተት የሚደፍነውን አፕዴት ማይክሮሶፍት ያወጣው ግን ማርች 14 ቀን ነበር፣ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ። በወቅቱ ድጋፍ ከነበራቸው የዊንዶውስ ዓይነቶች መካከል የተጎዱት ያንን አፕዴት ሳይጭኑ የቆዩት ናቸው።

ዊንዶውስ 10 ላይ የቀሩ ኮምፒውተሮች የገቡበት ሁኔታ ከዚህ ይከፋል። ከእንግዲህ ለሚገኘው ክፍተት በመደበኛው መንገድ መድፈኛ አይመጣለትም። አማራጭ ግን አለ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ ወደዚያ ማሻሻል ክፍያ የለውም። መስፈርቱ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይችል እንደሆነ መርምሮ ይነግርዎታል። የማይችል ከሆነ ኩባንያው ለግለሰቦች ባዘጋጀው የማራዘሚያ ፕሮግራም ተመዝግቦ የደኅንነት አፕዴቶችን እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ማግኘት ይቻላል። ሌላው መንገድ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት ነው። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉት ለአሮጌ ኮምፒውተር አይከብዱም፣ ገንዘብም አይጠይቁም፤ ከመጫንዎ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስተው መሞከር ይችላሉ። ኮምፒውተሩ የሚያገለግለው ለኢንተርኔት፣ ለኢሜይልና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ ይህ መንገድ ከሚገባው በታች የታሰበበት ነው እላለሁ።

ዘግቼ ከፈትኩት፤ ለምን አልተሻለውም?

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ሲባል ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ፤ የሥርዓቱን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ እንዳለ አስቀምጦ በማግሥቱ ያንኑ መልሶ ያነሳል። ቶሎ እንዲከፈት ታስቦ ነው። ትናንት የተበላሸው ነገር ግን ዛሬም አብሮ ይነሳል። «ሪስታርት» ሲሉት ሁሉንም አራግፎ ከባዶ ይጀምራል። ለወራት በየማታው እየተዘጋ አንድ ቀን እንኳ ሪስታርት ያልተደረገ ኮምፒውተር ብዙ ነው። አብዛኛው የዊንዶውስ አፕዴትም ተጭኖ የሚያልቀው በሪስታርት ነው፤ ማሳሰቢያውን «በኋላ» እያሉ ሲገፉት የሚዘገየው ያ ድፈና ነው።

መዘግየቱ ከዚያም በኋላ ከቀጠለ በግምት ከመድከም ኮምፒውተሩን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪና ዲስክ ምን ያህል እንደተያዙ በመቶኛ ይታያል። ሜሞሪው 90 ከመቶ አካባቢ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ተቸንክሮ ካዩት ነገሩ ግልጽ ነው። ራም፣ ማለትም እዚያ ሜሞሪ የተባለው፣ ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ክፍል፣ ሞልቶበት ትርፉን ወደ ዲስክ እያወጣና እየመለሰ ነው። ዲስኩ የድሮው ዓይነት፣ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ ይህ ማመላለስ በጣም ይከብደዋል። ማውዙ ስታክ የሚያደርገው፣ የተጻፈው ፊደል ዘግይቶ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሂደቱን ላወቀ ሰው መፍትሔውም ይታያል። ብሮውዘር ላይ የተከፈቱ ብዙ ታቦችን መዝጋት፣ የማይጠቅሙ ኤክስቴንሽኖችን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ማውጣት፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ካለው «ስታርትአፕ» ዝርዝር ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን ማስቆም ወዲያው ለውጥ ያመጣል። ከዚህ በላይ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስቀየርና የሚቻል ከሆነ ራም ማስጨመር ይቅደም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ የተበታተነ መረጃ ፈልጎ ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ከሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ዋጋውን የሚያወጣ ጥገና አላውቅም። ኤስኤስዲ ከገባ በኋላ በድሮው ልማድ «ዲፍራግ» ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መሰብሰብ፣ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ የሚስማማውን እንክብካቤ በራሱ ይሠራል።

ሙቀትም አለ። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፕ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ ከሥር ያለው የአየር መግቢያ ይዘጋል፤ ፋኑ ላይ አቧራ ሲጋገርም እንዲሁ። አቧራውን በአየር ሲያስወጡ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን ነገር ደግፈው ይያዙት። ባትሪው ካበጠ ግን ጽዳት ወይም ትዕግሥት አይፈታውም፤ መጠቀም አቁመው ወዲያው ያስቀይሩት።

አንቲቫይረስ መግዛት አለብኝ?

ለአብዛኛው የቤት ተጠቃሚ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር በቂ ነው፤ ሳይጠፋና ሳይታደስ እንዳይቀር ማየት እንጂ ሌላ መደረብ አያስፈልግም። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ሲሠሩ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩንም ያከብዳሉ። «ኮምፒውተርህን አጽዳ፣ ፍጥነቱን በእጥፍ ጨምር» የሚሉ ፕሮግራሞችም የሚያስፈልጉ አይደሉም፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን ዊንዶውስ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ «ስቶሬጅ» ከሚለው ቦታ ያጸዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ የማጽጃ ፕሮግራም ራሱ በሰርጎ ገቦች ተበርዞ፣ የተበከለው ቅጂ ወደ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ደርሶ ነበር።

ከሁሉም የበለጠ አደጋ ያለው ክራክ ላይ ነው። የተከፈለበት ፕሮግራም በነፃ እንዲሠራ የሚያደርጉ እነዚህ ፋይሎች ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ ይዘው ይመጣሉ። ሰው ያንን ሲያነብ የቴክኒክ ጣጣ ይመስለዋል። የሚደረገው ግን ብቸኛውን ጠባቂ አሰናብቶ ምንነቱ ያልታወቀን ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ማስገባት ነው።

ከክራክ ጋር የሚገባው የዛሬው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) የድሮውን ቫይረስ አይመስልም። ስክሪን አያጠቁርም፣ ፋይል አያጠፋም። ብዙዎቹ መረጃ ሰራቂዎች ናቸው፤ ገብተው ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎችና ኩኪዎች ገልብጠው በደቂቃዎች ውስጥ ይልካሉ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን አጥፍተው ይወጣሉ። ኩኪ ምን ይጠቅመዋል ቢሉ፣ አንድ ሰው ትልቅ ሕንጻ ሲገባ በር ላይ መታወቂያው ታይቶ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በየፎቁ የሚጠየቀው ባጁን እንጂ መታወቂያውን አይደለም። ኢሜይልዎ ውስጥ አንዴ በይለፍ ቃልና በኮድ ከገቡ በኋላ ድረ ገጹ ብሮውዘርዎ ላይ የሚያስቀምጠው ኩኪ ያ ባጅ ነው። የሰረቀው ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ፣ ኮድም ሳይላክለት፣ እርስዎን ሆኖ ይገባል። «ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እያለኝ እንዴት ተጠለፍኩ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ስክሪኑን ሙሉ ይዞ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣስ? ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያዎቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያወጣም። የሚያዩት ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ ብሮውዘሩን ይዝጉት፣ እምቢ ካለ በታስክ ማናጀር ያስቁሙት። ከደወሉ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ኮምፒውተሩን ከርቀት የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም እንዲያወርዱ ይጠይቅዎታል፤ ጠለፋው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮቼ ለምን ሾርትከት ሆኑ?

ፍላሹን ሌላ ቦታ ሰክተው ያትማሉ ወይም ፋይል ይገለብጣሉ። ቤት መጥተው ሲከፍቱት ፎልደሮቹ በስማቸው አሉ፤ ግን በእያንዳንዱ ምልክት ሥር ትንሽ የታጠፈች ቀስት ተቀምጣለች። ሲጫኑት ፎልደሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም ብለው ያልፉታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሾርትከቶች፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚያመሩ አቋራጮችን፣ አስቀምጧል። ሾርትከቱ ሲጫኑት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ቫይረሱን ያስነሳል፣ እንዳይጠረጠር ደግሞ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍትልዎታል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ፍላሹን ለመፎርማት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሾርትከቶቹን ሳይጫኑ በዲፌንደር ያስፈትሹ፣ ከዚያ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ «የተደበቁትን አሳይ» የሚለውን ያብሩ፣ ፎልደሮቹን ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጠው ፍላሹን ያን ጊዜ ይፎርማቱት። ፎልደሮቹ አሁንም ካልታዩ ቫይረሱ እንደ ሥርዓት ፋይል አድርጎ ደብቋቸዋልና የሥርዓት ፋይሎችን የሚደብቀውን አማራጭም ለጊዜው ማንሳት ያስፈልጋል።

እዚያው «ቪው» ውስጥ የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ዊንዶውስ እንዳለ ሲመጣ ይደብቀዋል። ያብሩት። «ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ» መስሎ የመጣ ፋይል ሙሉ ስሙ ሲታይ «ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ኢኤክስኢ ያለው ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

የይለፍ ቃሌ ከባድ ነው፤ አይበቃም?

ከባድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተወሳሰበ ምልክት ነው። ርዝመቱ ግን ይበልጣል። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ የተሠራ ባለ 8 ፊደል የይለፍ ቃል ወደ 209 ቢሊዮን ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ግምት የሚሞክር መሣሪያ ያንን በ21 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በዚያው ፍጥነት በዘፈቀደ የተመረጡ 16 ፊደላትን ለመጨረስ ወደ 138,000 ዓመት ይፈጃል። በዘፈቀደ የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ የልጅ ስምና የትውልድ ዓመት ቢረዝምም መጀመሪያ ከሚሞከሩት መካከል ነው።

ሆኖም አብዛኛው የይለፍ ቃል የሚሰረቀው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊንክድኢን ተጠልፎ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከዚያ የወጡ የ117 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች የኢሜይልና የይለፍ ቃል መረጃ ለሽያጭ ቀረበ። እንዲህ ያለ ዝርዝር የገዛ ሰው ሊንክድኢን ላይ አይቆምም። ያንኑ ኢሜይልና ያንኑ የይለፍ ቃል በጂሜይል፣ በፌስቡክ፣ በገንዘብ አገልግሎቶች ላይ በፕሮግራም ይሞክራል። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ቦታ የሚጠቀም ሰው፣ ከሁሉም ደካማው ድረ ገጽ የተጠለፈ ዕለት ሁሉንም ያጣል። ኢሜይልዎ እስካሁን ከወጡ ዝርዝሮች ውስጥ መኖሩን ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ በተባለው፣ ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ በ2013 በመሠረተው ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል።

ለየቦታው የተለያየ ረጅም የይለፍ ቃል በጭንቅላት መያዝ አይቻልም፤ መሞከርም አያስፈልግም። ፓስዎርድ ማናጀር የሚባለው ፕሮግራም ይፈጥራል፣ ይይዛል፣ ይሞላል። የሚያስታውሱት የእሱን ብቻ ነው። ለዚህ ያልተመቸው ሰው ደብተር ላይ ጽፎ ቤት ውስጥ ቢያስቀምጥ አንድ የይለፍ ቃል በየቦታው ከመጠቀም በእጅጉ ይሻላል፤ ከሌላ አህጉር የሚሞክረው ሌባ መሳቢያዎን አይከፍትም። በየሦስት ወሩ መቀየር ደግሞ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ከ2017 ጀምሮ የማይመክረው ነገር ነው። ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ 1 የነበረውን 2 እያደረገ ያልፋልና። የሚቀየረው መውጣቱ ሲታወቅ ወይም ሲጠረጠር ነው።

ኮዱን የጠየቀኝ ጓደኛዬ ነው፤ ምን ችግር አለው?

ከምታውቁት ሰው በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ እባክህ በዚህ ሊንክ ድምፅ ስጥልኝ።» ሊንኩ የልጆች ፎቶ የተደረደረበት ገጽ ይከፍታል። ድምፅ ለመስጠት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ሲገባ ወዲያው ኮድ ይመጣል፣ ገጹም ኮዱን እንዲያስገቡ ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ያ ኮድ የድምፅ መስጫ አይደለም። በሌላው ወገን ያለው ሰው በዚያችው ቅጽበት በስልክ ቁጥርዎ ቴሌግራም ለመክፈት ሞክሯል፤ የመጣው ኮድ የእሱ መግቢያ ነው። መልእክቱ ራሱ «ይህን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ ከቴሌግራም ነን ቢሉም እንኳ» ይላል፤ ግን ሰው ቁጥሩን እንጂ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። መልእክቱን የላከው ጓደኛም ቀድሞ የተጠለፈ ነው። ቀጥሎ በእርስዎ ስም ለዘመድ ወዳጅ «ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ» የሚል ይጻፋል።

ይህን የሚያግደው የቴሌግራም ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ እና ሴኩሪቲ» ከሚለው ሥር ይገኛል፤ ከኮዱ ሌላ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የይለፍ ቃል ይጨምራል። ኮዱን ከሰጡ በኋላ ከነቁ ደግሞ ወዲያው «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው ከያዙት ስልክ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ያስወጡ። አዲስ የገባ መሣሪያ የቀደመውን ወዲያው ማስወጣት እንዳይችል ቴሌግራም ስለሚያግደው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የእርስዎ ናቸው።

ለኢሜይልና ለሌሎች አካውንቶችም ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ግን ሌባ የቴሌኮም ሠራተኛን አታሎ በስልክ ቁጥርዎ ሌላ ሲም ካወጣ ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል። ስልኩ ላይ ራሱ ኮድ የሚያመነጭ አፕ ከዚህ ነፃ ነው። ፓስኪ የሚባለው አዲሱ ዘዴ ደግሞ በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ የሚሠራ ሆኖ ከእውነተኛው ድረ ገጽ አድራሻ ጋር የተሳሰረ ነው። ሐሰተኛ ገጽ ላይ ጭራሽ አይሠራም፣ ስለዚህ ተታለው እንኳ ሊሰጡት አይችሉም። ባገኙት ቦታ ሁሉ ይጠቀሙበት።

የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው መጨረሻውን በማየት ነው። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ቃላት የባለቤቱ ስም ናቸው። ከፊት «ጉግል» ተብሎ ከነጥብ በኋላ ሌላ ስምና «ነጥብ ኮም» ከተከተለ ገጹ የዚያ የሌላው ስም ነው። የቁልፍ ምልክቱ ምንም አያረጋግጥም፤ መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ በሌላው ጫፍ ያለው ታማኝ መሆኑን አይናገርም። ጉግል ክሮም ሰው በዚህ ስለሚሳሳት ነው ምልክቱን በ2023 ከአድራሻው መስመር ያነሳው።

ፎቶዎቼ ክላውድ ላይ ናቸው፤ ባክአፕ አይደለም ወይ?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ባክአፕ ማለት ዋናው ቢጠፋ የሚተርፍ የተለየ ቅጂ ነው። ፋይልን በኢንተርኔት የሚያስቀምጡ እንደ ጉግል ድራይቭና ዋንድራይቭ ያሉት የክላውድ አገልግሎቶች ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በማመሳሰል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተሰረዘ ፋይል ክላውዱም ላይ ይሰረዛል፤ የተቆለፈ ወይም የተበላሸ ፋይልም እንደዚያው ይተላለፋል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል ለ30 ቀን ያቆያል፤ በ31ኛው ቀን ያስታወሰ ሰው ግን ዘግይቷል።

ባለሙያዎች የሚመክሩት 3-2-1 የሚባለውን ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለቤት ተጠቃሚ ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው፣ ክላውድ ላይ ያለው ነው። ኤክስተርናሉን ገልብጠው ሲጨርሱ ይንቀሉት። ፋይል የሚቆልፍ ፕሮግራም ሲገባ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ከዋናው ጋር አንድ ላይ ይጠፋል። አልፎ አልፎም ከባክአፑ ላይ አንድ ሁለት ፋይል ከፍተው ይዩ። ለዓመታት የተቀመጠ ዲስክ በተፈለገበት ቀን አልነሳ ማለቱ የተለመደ ነው። ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ሌላ ሥራ ሁሉ ትተው መጀመሪያ አስፈላጊውን ፋይል ይገልብጡ።

ለጥገና ስሰጠው ምን ላድርግ?

ባክአፕ ይያዙ፣ ከኢሜይልና ከቴሌግራም ይውጡ፣ ብሮውዘሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ያጥፉ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዲስክን በሚቆልፍበት አሠራር፣ የተመሰጠረ ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቁልፍ ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ቀድመው ጽፈው ይያዙ፤ ማዘርቦርድ ሲነካ ወይም ሲቀየር ሊጠየቅ ይችላል፣ ከሌለ ፋይሎቹ አይከፈቱም።

ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ ደግሞ ሁለት ነገር ይመልከቱ። ዊንዶውሱ በክራክ የነቃ ከሆነ ዲፌንደር ክራኩን እንዳይነካው «ኤክስክሉዥንስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ፎልደር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የተመዘገበ ቦታ አይፈተሽም። ዊንዶውስ አፕዴትም ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ አዲስ ሆኖ የተመለሰ ይመስላል፣ ግን ጠባቂ የለውም። ኮምፒውተሩን ለሌላ ሰው ሲሰጡም ሆነ ሲሸጡ ፈጣኑ ፎርማት አይበቃም፤ ፋይሎቹን ከሃርድ ዲስክ ላይ መልሶ ማውጣት ይቻላልና «ሪሴት» ውስጥ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚያጸዳውን ምርጫ ይውሰዱ።

ከተጠለፍኩ በኋላስ?

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁ። የይለፍ ቃል የሚቀይሩት በተያዘው ኮምፒውተር ሳይሆን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱንም ያስወስዳሉ። ከኢሜይል ይጀምሩ፣ የሌሎቹ ሁሉ ማስመለሻ የሚመጣው በእሱ ነውና። «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ሳይጫኑ አይለፉ፤ የተሰረቀው ኩኪ ዋጋ የሚያጣው በዚህ ነው። ኢሜይሉ ሴቲንግ ውስጥ ሳያውቁት ደብዳቤዎን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ መኖሩንም ይመልከቱ፤ ሌቦች የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላም ማንበብ እንዲቀጥሉ የሚተዉት ነገር ነው። ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ለባንክዎ ወዲያው ያሳውቁ። ኮምፒውተሩን የሚያጸዱት ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚያስተማምነውም አስፈላጊ ሰነዶችን ብቻ አውጥቶ ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት በወረደ ንጹሕ ቅጂ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ፋይሎችዎ ከተቆለፉና ገንዘብ ከተጠየቁ አይክፈሉ። የከፈለ ሁሉ መክፈቻ አያገኝም፣ የተከፈለውም ለቀጣዩ ጥቃት ስንቅ ይሆናል። የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር ሆነው በ2016 ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ ከፍተዋል፤ የተቆለፈ ናሙና ፋይል ሲያስገቡ የቆለፈው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ይለያል፣ መክፈቻ ካለው በነፃ ይሰጣል። ዛሬ መክፈቻ ባይገኝለት እንኳ የተቆለፉትን ፋይሎች አይሰርዙ። አጥቂዎቹ ሲያዙ ወይም ሥራቸውን ሲያቆሙ ቁልፎቻቸው ይፋ የሆኑበት ጊዜ ስላለ በአንድ ዲስክ ላይ አስቀምጠው በየጊዜው ተመልሰው ይሞክሩ።